ምዕራፍ ስድስት፦ ጺማሙ እንግዳና የአገሬው ዘመዱ

ከነቀምቴ ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ ደጋውን ጥሎ ሲቆለቁል ሹራብ ይወልቃል፣ የመኪናው መስኮት ይወርዳል። አንገር ጉቲን የምትገኘው በዚህ ሞቃት ሸለቆ ውስጥ ነው። የስሟ ግማሽ የወንዙ ስም ነው፤ አንገር ወደ ዴዴሳ ይገባል፣ ዴዴሳ ደግሞ ወደ ዓባይ። በክረምት ወንዙ ቡና መስሎ ይሞላል። በበጋ ግን ይጠራል፣ ድንጋዩ ይታያል፣ ዘንግ የያዙ ልጆችም ከዳርቻው አይጠፉም።

መሣሪያቸው ብዙ ወጪ የለበትም፤ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ጥቂት ሜትር ናይለን ክር፣ ከሱቅ የተገዛች መንጠቆ፣ ከእርጥብ አፈር ጋር ጣሳ ውስጥ የተያዘ የምድር ትል። ትሉ ሲያልቅ የበቆሎ ሊጥ መንጠቆዋ ጫፍ ላይ ይድቦለቦላል። ክሩ ላይ የታሰረች የደረቀች የአገዳ ቁራጭ ውሃው ላይ ትንሳፈፋለች፤ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ነው። አንዴ ነቅነቅ፣ ሁለቴ ነቅነቅ ትልና ጭልጥ ብላ ትሰምጣለች።

ልጁን «ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ሥራ?» ብትሉት መልሱ ይቸግረዋል። ከያዘ ራት ነው፤ ካልያዘ ጨዋታ ነበር። ዓሣ ማጥመድን መዝናኛ ብቻ ያደረጉ አገሮች አሉ፤ እንጀራ ብቻ ያደረጉም አሉ። አንገር ዳር ሁለቱ ገና አልተለያዩም። በዚህ ምዕራፍ የምናየው አንድ ዓሣ ካርፕ ይባላል። አንዱ አገር ለበዓል ያርደዋል፣ ሌላው ስም አውጥቶ ይስመዋል፣ ሦስተኛው በመርዝ ሊያጠፋው ይደክማል። ዓሣው ያው አንድ ዓሣ ሆኖ ሳለ ሰው ለምን እንዲህ ተለያየበት?

ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ያለ ቤተሰብ

ከካርፕ በፊት ልጁ ያወጣውን ዓሣ እንይ። አካሉ ብርማ ሆኖ ወደ ወርቅነት ያደላል፣ ቅርፊቱ ሰፋፊ ነው፣ ከንፈሩ ወፍራም ነው፣ በአፉ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጺም ተንጠልጥሏል። ሳይንሱ ላቢዮባርበስ ይለዋል፤ ከላቲን ሲፈታ ከንፈርና ጺም የሚሉ ሁለት ቃላት ናቸው። ጣና ላይ ነጭ ዓሣ፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ቢልጫ የሚባለው የእሱ ወገን ነው። በወለጋ ኦሮምኛ ግን ዓሣ ሁሉ በጥቅሉ ቁርጡሚ ነው።

አፉን ከፍታችሁ ጣት ብትሰዱ አትነከሱም፤ መንጋጋው ላይ አንድም ጥርስ የለም። ዓሣው ሲበለት ግን ከስንጥቡ ኋላ፣ ጉሮሮው ውስጥ፣ ጥንድ አጥንት ላይ የተደረደሩ ጥርሶች ይገኛሉ። የዋጠውን ትልና ቀንድ አውጣ የሚፈጨው እዚያ ነው። አፍ መሰብሰቢያ፣ ጉሮሮ ወፍጮ ማለት ነው። ካርፕም እንዲሁ ነው፤ አራት ጺም፣ ጥርስ የሌለው አፍ፣ ወፍጮ ያለው ጉሮሮ። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸውና። ስለዚህ የአንገሩ ልጅ ስሙን ሰምቶት ባያውቅም የካርፕን ዘመድ ሲያጠምድ ነው የኖረው።

ይህ ቤተሰብ ጆሮውም ልዩ ነው። በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ድምፅን እንደ ከበሮ ይቀበላል፤ ትናንሽ አጥንቶች ደግሞ ንዝረቱን ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሳሉ። ታላላቆቹ ዳር ላይ የሚንጫጩትን ታናናሾች «ዝም በሉ፣ ኮቴያችሁን ቀንሱ» ብለው ሲቆጡ ትክክል ናቸው።

የቤተሰቡ ሌላ መታወቂያ እሾሁ ነው። በሥጋው መካከል ከጀርባ አጥንት ጋር ያልተያያዙ፣ ጫፋቸው እንደ ባላ የተሰነጠቀ ቀጫጭን አጥንቶች ተሰግስገዋል። ዓሣን መብላት በብልሃት ነው የሚለው ተረት የወጣው ለእንዲህ ያለው ዓሣ ሳይሆን አይቀርም። ቆሮሶና አምባዛ ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ ገበያው ላይ ተፈላጊ ከሆኑበት ምክንያት አንዱም ይኸው ነው።

እንግዳው በየት ገባ?

ካርፕ የአውሮፓና የእስያ ተወላጅ ነው። ኢትዮጵያ የገባው ጣሊያን አገሪቱን በያዘበት ዘመን መጨረሻ፣ በ1940 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ማረፊያውም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተገነባው የአባ ሳሙኤል ግድብ ነበር። አቃቂ አዋሽ ውስጥ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ቆቃን ይሞላል። ዛሬ ካርፕ በቆቃም፣ በዝዋይም፣ በሌሎች በርካታ ውሃዎችም አለ። የዝዋዩ አመጣጥ የታቀደ አልነበረም ይባላል፤ ሐይቁ ውስጥ የታየው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው።

ወደ ወለጋ ስንመለስ እንግዳውን የምናገኘው በሆሮ ጉዱሩ ነው። የጮመንን ረግረግ ያሰጠመው የፊንጫ ግድብ በ1973 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአመርቲ ወንዝም ተገድቦ ውሃው ወደ ፊንጫ እንዲዞር ተደረገ። ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲፈጠር ያልተጠበቀ ችግር ይመጣል። የወንዝ ዓሣ ፈሳሽ ውሃ፣ ጠጠርና ድንጋይ የለመደ ነው፤ የቆመ ሰፊ ውሃ ሁሉም አይስማማውም። ባዶውን ቦታ የሚሞላ ዓሣ ሲፈለግ ካርፕ ተመራጭ ሆነ፤ ሙቀቱንም ብርዱንም ይችላል፣ አየር ባነሰው ውሃ ይኖራል፣ ትልም ዘርም ቅጠልም ይበላል፣ አንዲት ትልቅ እናት በመቶ ሺህ የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከሚሊዮን የሚዘል ዕንቁላል ትጥላለች። የአመርቲው ካርፕ ተላምዶ፣ ተዋልዶ፣ ተመራማሪዎች ስለ አረባቡ ጥናት እስኪጽፉበት ደርሷል።

ለአመርቲ ዓሣ አስጋሪ እንግዲህ ካርፕ ወራሪ አይደለም፤ መረቡን የሚሞላለት እሱ ነው። መጤነቱን ንገሩት፤ «ግድቡስ ቢሆን?» ብሎ ይመልስላችኋል። እውነት አለው። የቆመው ውሃም ዓሣውም አብረው የመጡ እንግዶች ናቸው።

ሲፈልጉት ንጉሥ፣ ሲጠሉት ተባይ

አሁን ትንሽ ራቅ እንበል። በቼክና በፖላንድ የገና ዋዜማ ራት ያለ ካርፕ አይታሰብም። ለእኛ የፋሲካ ዶሮ እንደማለት ነው። በደቡብ ቦሔሚያ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተቆፈሩ የካርፕ ኩሬዎች ዛሬም ያመርታሉ። ቤተሰቡ ዓሣውን በሕይወቱ ገዝቶ ለጥቂት ቀናት መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ማኖር የቆየ ልማድ ነው፤ ልጆች ስም ያወጡለትና በዋዜማው ዕለት ያለቅሳሉ። የእኛ ልጆች በዓል ሲደርስ ግቢ ውስጥ ለታሰረ በግ እንደሚያለቅሱት ማለት ነው። በጃፓን ደግሞ ካርፕ ወደ ላይ የሚቀዝፍ ብርቱ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ በልጆች ቀን በካርፕ ቅርጽ የተሰፋ ጨርቅ በየደጁ ይሰቀላል። ቻይናውያን ዓሣውን በኩሬ ማርባት ከጀመሩ ሁለት ሺህ ዓመት አልፏቸዋል።

የእንግሊዞቹ ነገር ለየት ይላል። በ1952 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ዎከር የተባለ አጥማጅ ሬድማየር ከሚባል ትንሽ ኩሬ 20 ኪሎ የሚመዝን ካርፕ አወጣ። አልበላውም። ዓሣው ወደ ለንደን የእንስሳት ማቆያ ተወስዶ ክላሪሳ ተብሎ ለብዙ ዓመታት ለጎብኚ ታየ። ከዚያ ወዲህ ካርፕ ማጥመድ በእንግሊዝ እንደ ሃይማኖት ያለ ነገር ሆኗል። አጥማጁ ድንኳን ተክሎ ሌሊቱን ያድራል፣ ዓሣውን እርጥብ ፍራሽ ላይ አስተኝቶ መንጠቆውን ይነቅላል፣ ይመዝናል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አንዳንዱም ስሞ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። አንድ ዓሣ በዕድሜው ብዙ ጊዜ ሊያዝ ይችላል፤ የሚታወቅበት ስምም አለው። ይህን ለአንገሩ ልጅ ብትነግሩት የሚስቅ ይመስለኛል። ራቱን ይዞ፣ አቅፎ፣ ሸኝቶ ባዶ እጁን የሚገባ ሰው!

አሜሪካኖች በመጀመሪያ ወደዱት፣ ከዚያ ጠሉት። በ1877 እ.ኤ.አ. በስፔንሰር ቤርድ የሚመራው የአገሪቱ የዓሣ ኮሚሽን ካርፕ ከጀርመን አስመጥቶ በኩሬ አረባ፤ በባቡር እየጫነም ለጠየቀ ገበሬ ሁሉ አደለ። ጥቂት አሥርተ ዓመታት ሳይሞላ ያው መንግሥት ካርፕ የሚያጠፋበትን ዘዴ መፈለግ ያዘ። አውስትራሊያ ግን የከፋ ነገር ገጠማት። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በመሪ ዳርሊንግ ወንዞች ተሠራጭቶ በአንዳንድ ሥፍራ ከዓሣው ክብደት አብዛኛው የካርፕ ሆነ። በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶቿ ያጠመዱትን ካርፕ በሕይወቱ ወደ ውሃ መመለስ በሕግ ያስቀጣል። እንግሊዝ ውስጥ የጨዋ ሥርዓት የሆነው አውስትራሊያ ውስጥ ወንጀል ነው ማለት ነው። በሽታ አምጪ ቫይረስ ለቅቆ ለመቀነስም ለዓመታት ተጠንቷል።

ከሁሉ የሚገርመው ይህ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ካርፕን ከዓለም 100 ከባድ ወራሪ ፍጥረታት ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ያው ድርጅት በትውልድ ውሃዎቹ ያለውን የዱር ካርፕ ደግሞ ለአደጋ ከተጋለጡት መዝግቦታል። አንዱ ዓሣ ከአገሩ ሲወጣ የሚፈራ፣ በአገሩ የሚታዘንለት ነው።

ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

ካርፕ ክፋት አያውቅም፤ የሚያውቀው ጭቃ መቆፈር ነው። አፉን እንደ ቱቦ ወደፊት አርዝሞ ደለሉን ይመጥጣል፣ የሚበላውን ለይቶ ያስቀራል፣ ቀሪውን ይተፋል። አንዱ ሲያደርገው ምንም አይደል። በሺህ ሲሆኑ ግን ውሃው ይደፈርሳል፣ ሥር የሰደደው ተክል ይነቀላል፣ ብርሃን ወደ ታች አይደርስም። በዓይናቸው እያዩ የሚያድኑ ዓሦች ይራባሉ። ዳር ላይ ጎድጓዳ ጎጆ ቆፍሮ የሚራባ እንደ ቆሮሶ ያለ ዓሣም ሰላሙን ያጣል።

እዚህ ላይ የአንገርን ዓሣ አስቡት። ላቢዮባርበስ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል። ክረምት ሲገባ ከዋናው ወንዝ ወደ ገባሮቹ ሽቅብ ይወጣል፤ ዕንቁላሉን የሚጥለውም ውሃው ጥሩ አየር በሚያገኝበት ጠጠር ላይ ነው። ደለል ጠጠሩን ሲሸፍን ዕንቁላሉ ይታፈናል። የጣናን ነገር እናውቃለን፤ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ካለው ዓለም ለይቶ ባቆየው ሐይቅ ውስጥ ከደርዘን በላይ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች ተፈጥረዋል። ብዙዎቹ ሌላ የትም የሉም። ፏፏቴ ለዓሣ አጥር ነው፤ ሺህ ዓመት ያለ ዘበኛ ይጠብቃል። አጥሩን የሚያልፈው ሰው ብቻ ነው፤ ጀሪካን ይዞ።

የተሳሳተ ቦታ የገባ ዓሣ የሚያደርሰውን ጎረቤቶቻችንም አይተውታል። ናይል ፐርች በእኛ ጫሞ ሐይቅ የአገር ልጅ ነው፤ የአርባ ምንጭ ሰው ይኮራበታል፣ ከሩቅ የሚመጡ አጥማጆችም ይመኙታል። ይኸው ዓሣ በ1950ዎቹ እና በ60ዎቹ እ.ኤ.አ. ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲጣል ግን ከ200 በላይ የሐይቁን ትናንሽ ዝርያዎች ለመጥፋት ዳርጓል ተብሎ ይገመታል። ለፋብሪካዎች ገንዘብ አመጣ፣ ለሐይቁ ግን ዕዳ ሆነ።

ብርብራ

የአንገርን ዓሣ ዛሬ የሚያሰጋው ግን ካርፕ ብቻ አይደለም። ብርብራ፣ በኦሮምኛ ሶተሎ የሚባለው ዛፍ፣ በምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና ጥላ ነው። ፍሬው ሲደርቅ ይወቀጣል። ዱቄቱ ውሃው በቀነሰበት ወቅት ባልተንቀሳቀሰ ኩሬ ውስጥ ይበተናል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ሰው በእጁ ይለቅማል። በዘንግ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ያለው ልጅ ይህን ሲያይ ሞኝ የሆነ ይመስለዋል።

አሠራሩ ይህ ነው። ብርብራ ውስጥ ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በስንጥቡ በኩል ወደ ዓሣው ደም ይገባና ሰውነቱ በአየሩ ተጠቅሞ ጉልበት እንዳያመነጭ ያግደዋል። ዓሣው አየር ሞልቶት ሳለ ታፍኖ ይሞታል። ተመልከቱ እንግዲህ፦ አሜሪካኖች ካርፕ የወረረውን ኩሬ ሲያጸዱ የሚጠቀሙት ያንኑ ሮቴኖን ነው! እነሱ ጠላት የሚሉትን ለማጥፋት የሚረጩትን፣ እኛ የራሳችንን ዓሣ ለአንድ ቀን ወጥ ስንል እንጨምረዋለን። መንጠቆ አንድ ዓሣ ይመርጣል፤ ብርብራ እናቱንም፣ ጫጩቱንም፣ ማንም የማይበላውን ትንሹንም አይለይም። ጣና ገባር ወንዞች ላይ ለመራባት የሚወጣው ነጭ ዓሣ ከተመናመነባቸው ምክንያቶች አንዱ በመረብም በብርብራም መንገድ ላይ መጠበቁ ነው።

ራትና መዝናኛ

በኢትዮጵያ ለመዝናናት ዓሣ ማጥመድ አዲስ ነገር አይደለም። በባሌ ተራሮች ዲንሾ አካባቢ በዌብና በደንካ ወንዞች ያለው ትራውት ከኬንያ የመጣ ነው፤ የመጣውም ለዚሁ ጨዋታ ነው። እሱም እንግዳ ነው፤ ግን ክብር ስላለው ወራሪ ብሎ የሚሰድበው ጥቂት ነው። ስለ ካርፕና ስለ ትራውት ያለን አስተያየት ልዩነቱ ከሳይንሱ ይልቅ ከእንግዶቹ ማዕረግ የመጣ ይመስለኛል።

ደጋው ላይ ዓሣ የሚናቅ ምግብ ነበር፤ አጥማጅነትም እንዲሁ። ይህ እየተለወጠ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ባይቆምም፣ የከተማ ገበያ የሚደምቀው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ፊሌቶ ሆኖ ወይ ጉላሽ ተሠርቶ ሲቀርብ ካርፕ ይሁን ቆሮሶ የሚጠይቅ የለም። ጺሙና ቅርፊቱ ሲወርድ ጥላቻውም አብሮ ይወርዳል። እሾሁን ለማሸነፍም ዘዴ አለ። ሥጋው በቢላ ስስ ስስ ተደርጎ ወደ ጎን ይተለተላል፣ ከዚያ በጋለ ዘይት ይጠበሳል፤ ቀጫጭኑ አጥንት ተቆራርጦና ደርቆ አያስቸግርም። አውሮፓም እስያም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ መዋል ሰላም ይፈልጋል። ወለጋ ባለፉት ዓመታት ያየው መከራ ከዚህ ምዕራፍ አቅም በላይ ነው። ልጆች ዘንግ ይዘው ያለ ሥጋት ወደ አንገር የሚወርዱበት ቀን ግን ከማንኛውም የቱሪዝም ዕቅድ ይቀድማል።

የጀሪካኑ ጉዳይ

ካርፕ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ጥያቄው ራሱ ትክክል አይደለም። መጠየቅ ያለበት «የት ውሃ ውስጥ?» ተብሎ ነው። ፊንጫና አመርቲ ውስጥ ካርፕ ሥራ አግኝቷል። እሱን በማጥመድ ሰው ይኖራል፤ ብዛቱን የሚቆጣጠረውም ይኸው መረብ ነው። አንገር ውስጥ ግን ክፍት ቦታ የለም። ጺማሙ የአገሬው ዘመድ ቦታውን ይዟል፤ መንጠቆ ላይ ሲታገል ከካርፕ አያንስም።

አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ዓሣ ማጥመድን ይከለክላል፤ ባዕድ ዝርያ ወደ ውሃ ለመጨመርም ፈቃድ ይጠይቃል። አዋጁ ግን ወንዝ ዳር አይቆምም። ጫጩት ዓሣ ሞልቶ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሚጫን ጀሪካን ከሌላው ጀሪካን አይለይም፤ የሚጭነውም ብዙ ጊዜ ለአካባቢው መልካም ያሰበ ሰው ነው። አባ ሳሙኤል ላይ ካርፕ የጣሉትም መልካም አስበው ነበር። ከሰማንያ ዓመት በኋላ መልሶ የሚለቅመው ግን አልተገኘም።

ስለዚህ አንገር ዳር የምትወርዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ብርብራውን ለቡናው ጥላ ተዉለት። ክረምት ላይ ዕንቁላል የያዘች ዓሣ መንጠቆ ላይ ከመጣች መልሷት፤ እንግሊዞቹ ቢያንስ በዚህ አልተሳሳቱም። አመርቲ ወይም ፊንጫ ሄዳችሁ ካርፕ ከያዛችሁ ደግሞ አትመልሱት፤ ተልትላችሁ ጥበሱት፣ ጎረቤት ጥሩበት። በሕይወቱ ግን ወደ ሌላ ውሃ አታሻግሩት።